ጥርስ የሌለው ቁራ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ የልጅ ልጄ፣

አያትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ምላሷ አልደከመም። ፎቶሽ የደረሰ ቀን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ መነጽሯን ፍለጋ ቤቱን አተራምሳ፣ በመጨረሻ «ቁርጥ እናቷን! እናቷም ወላቃ ሆና እንዲህ ነበር የምትስቀው» አለች። ከታች ከፊት አንዷ ወልቃ፣ ክፍተቱን በምላስሽ ሞልተሽ ነው የተነሣሽው። እሰይ፣ አደግሽልን።

ለመጻፍ ያስቀመጠኝ ግን ፎቶው ሳይሆን የድምፅ መልእክትሽ ነው። ያን ሁሉ ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ እንዴት ቻልሽው? የጥርሷ እግር የት ሄደ አልሽኝ። ስትወልቅ አሟታል ወይ አልሽኝ። አሁን የኔ ናት ወይስ የራሷ ናት አልሽኝ። ጓደኛዬ ቱዝ ፌሪ ሌሊት መጥታ ትራሴ ሥር ዶላር ትታ ትወስዳታለች ትላለች፣ እማዬ ደግሞ ጣራ ላይ ወርውሪያት፣ ቁራ አዲስ ይሰጥሻል ትላለች፤ ማናቸው ናቸው ልክ አልሽኝ። ይህ ሁሉ ሳይበቃሽ ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርገሽ «አባባ፣ ቁራ እኮ ራሱ ጥርስ የለውም፤ ታዲያ ከየት አምጥቶ ነው የሚሰጠኝ?» አልሽ።

በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንቺና እኔ ወጋችንን ስንጀምር እናትሽ መሐል ትገባለች፣ እሷ ስትወጣ ደግሞ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ደብዳቤ ይሻላል፤ አይቋረጥም፣ ይቀመጣል። እናትሽ ታንብብልሽ። ከበድ ያለሽን ቦታ እለፊው፤ ስታድጊ ትመለሺበታለሽ። ዓመቶቹን ሁሉ እናንተ አሜሪካኖቹ በምትቆጥሩት ጽፌልሻለሁ፣ እንዳይምታታብሽ።

በጥርሷ እግር እንጀምር። ገልብጠሽ ስታያት ከሥሯ ጎድጓዳ ሆና አገኘሻትና «አዲሱ ጥርስ ከታች ሆኖ እግሯን በላት» አልሽ አሉ። እናትሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩ ከእውነቱ እምብዛም አልራቀም። የወተት ጥርስ አጥንት ውስጥ የተተከለ ረጅም ሥር አለው። አዲሱ ጥርስ ከበታቹ አድጎ ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር፣ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት በመካከል ገብተው የአሮጌውን ሥር ቀስ እያሉ ያሟሙታል። ሥራው ረጅም ጊዜ ይፈጃል። አንቺ ስትጫወቺ፣ ስትተኚ፣ ወተትሽን ስትጠጪ እነሱ ከሥር እየሠሩ ነው። ሥሩ አልቆ ጥርሷን የያዛት ድድ ብቻ ሲሆን ነው በምላስሽ ስትነኪያት መወዛወዝ የጀመረችው። ስለዚህ አበላሉ ይለይ እንጂ መበላቱስ እውነት ነው።

አሟታል ወይ ላልሽው፣ አላማትም። ያመመሽ የራስሽ ድድ ነው። ከአፍሽ ከወጣች በኋላ ምንም አይሰማትም። ቢሆንም ሲኒ ውስጥ ብቻዋን እንዳትፈራ ብለሽ ከጎኗ የሸሚዝ ቁልፍ ማስቀመጥሽን ሰምቻለሁ። ቁልፉን አታውጪው።

እንዲህ ያሉ ሃያ የወተት ጥርሶች አሉሽ፤ ተራ በተራ ይወልቃሉ፣ የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆንሽ ነው። አንድ ነገር ግን ማንም ስለማይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። አሁን ባለሽበት ዕድሜ፣ ከሁሉም ጥርሶችሽ ኋላ፣ ማንንም ሳትተካ ብቅ የምትል መንጋጋ አለች። ምንም ስላልወለቀላት ማንም አያስተውላትም፤ ፎቶ የሚያነሣት የለም፣ ትራስ ሥር ዶላር የሚያስቀምጥላት የለም። እሷ ግን እስከ እርጅናሽ አብራሽ የምትኖር ናት፤ ብትበላሽ ተተኪ የላትም። ጥርስሽን ስትቦርሺ እሷ ድረስ ዝለቂ።

አሁን ወደ ጣራው። እኔ ባደግሁበት መንደር የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወር ነበር። የኛ ቤት ሣር ክዳን ነበር፤ ወርውረሽ ድምፅ አይሰማሽም። ቆርቆሮ ቤት ያላቸው ልጆች ግን ኳ! ሲል ይሰሙና «ደረሰ!» ብለው ይጨፍራሉ። እኛ መድረሱን የምናውቅበት መንገድ ስላልነበረን ተቀበለን፣ አልተቀበለን እያልን ስንጨነቅ እንሰነብታለን። ተቀባዩ ማን እንደሆነም አልተስማማንም ነበር። ቁራ ነው የሚል ወገን አለ፤ አይጥ ናት፣ ሣሩ ውስጥ የምትኖረው እሷ አይደለችም እንዴ የሚል ወገንም አለ። አንዱ ተንኮለኛ ልጅ ደግሞ ጥርሱ ተንከባሎ ወርዶ ዶሮ ከለቀመችው በጥርስ ፋንታ ምንቃር ታበቅላላችሁ ብሎ አስወራ። ከዚያ ወዲያ ጥርስ ከመወርወራችን በፊት ዶሮዎቹን ማባረር የሥርዓቱ አንድ ክፍል ሆነ። ይህን ማንም ትልቅ ሰው አላስተማረንም፤ ትልልቆቹ የሚያውቁት መወርወሩን ብቻ ነው። የቀረውን ደንብ ሁሉ ያወጣነው እኛው ነን።

የቁራውን ጥያቄ እኔም በልጅነቴ ጠይቄው ነበር። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። «አባዬ፣ ቁራ ጥርስ የለውም እኮ» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል «ለልጆች ሁሉ ሰጥቶ ጨርሶ ነዋ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁራ ላይ ድንጋይ ወርውሬ አላውቅም።

የጎረመስኩ ጊዜ ይህን መልስ እያስታወስኩ በአባቴ ላይ በሆዴ እስቅ ነበር። ኋላ ላይ አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ አርኪዮፕተሪክስ ስለምትባል ፍጥረት አነበብኩ። ከ1861 ጀምሮ በጀርመን አገር፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ ከኖራ ድንጋይ መሐል አጥንቷ እየተገኘ ነው። የኖረችው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ላባ አላት፣ ክንፍ አላት፣ አፏ ውስጥ ደግሞ የተደረደሩ ጥርሶች አሏት። ቁመናዋ ቁራ ያክላል ይላሉ። የዛሬ ወፎች ከጥርሳቸው የተለያዩት ሰው ከመፈጠሩ እጅግ ቀድሞ ነው። አባቴ ይህን አያውቅም፤ ፊደልም አልቆጠረም። ነገር ግን ቁራ ድሮ ጥርስ ነበረው፣ አሁን የለውም ማለቱ ልክ ነበር። ለማን እንደሰጠው ነው የምንከራከረው።

የጓደኛሽን ቱዝ ፌሪ ደግሞ አትናቂያት፤ ጓደኛሽንም «ውሸት ነው» እንዳትያት። ደግሞም አሮጊት እንዳትመስልሽ፤ እስካሁን ከታወቁት የታተሙ ጽሑፎች ስሟ መጀመሪያ የተገኘው በ1908 በወጣ የቺካጎ ጋዜጣ ላይ ነው። ያኔ እኛ አገር አፄ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው። ጋዜጣው ለእናቶች በጻፈው ምክር፣ ጥርሱን ማስወለቅ አልፈልግ ያለውን ልጅ ፌሪዋ ስጦታ ትተውልሃለች ብላችሁ አባብሉት፣ ለዚሁም አምስት ሳንቲም ከሚሸጡ ዕቃዎች ገዝታችሁ አስቀምጡ ይላል። ከአምስት ሳንቲም ተነሥታ ዛሬ ዶላር ላይ ደረሰች ማለት ነው፤ የኑሮ ውድነቱ እሷንም ነክቷታል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የስፔኖቹ አይጥ ነው። በ1894 አልፎንሶ አሥራ ሦስተኛ የሚባል ንጉሥ ነበራቸው፤ ንጉሥ ሲባል ትልቅ ሰው እንዳይመስልሽ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ጥርሱ ወልቋል። ሉዊስ ኮሎማ የሚባሉ ቄስ ለዚህ ልጅ ተረት ጻፉለት። በተረቱ ውስጥ ፔሬዝ የሚባል አይጥ አለ፤ ማድሪድ ከተማ፣ አሬናል በሚባል መንገድ ላይ፣ በብስኩት ሳጥን ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። ይህ አይጥ ጥርሱን ሊወስድ በሌሊት ሲመጣ ንጉሡ ይነቃል፤ አይጡም ልጁን ወደ አይጥነት ለውጦ በከተማው ጉድጓድ ለጉድጓድ ይዞት ይሄድና የአንድ ድሀ ልጅ ቤት ያሳየዋል። ትንሹ ንጉሥ የድሀም ልጅ ጥርሱ እንደሚወልቅ፣ ለእሱም አይጡ እንደሚመጣ የተረዳው ያን ሌሊት ነው። ዛሬ መንገዱ ላይ የአይጡ መታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፎ ይነበባል። በሕይወት ኖሮ ለማያውቅ አይጥ! የፈረንሳይ ልጆችም ጥርሳቸውን የሚሰጡት ለአይጥ ነው። ለምን አይጥ እንደተመረጠች አሰብሽ? የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ ሳታኝክ ብትቀመጥ አፏን ዘግቶ ይገድላታል። ጥርስ ከሚጠየቅ ከእሷ ይጠየቅ እንጂ ከማን ይጠየቃል? በጥርስ ጉዳይ ከቁራ ይልቅ የእሷ ወገን ያሸንፋል፤ ይህን አምሳ ምናምን ዓመት ዘግይቼም ቢሆን ለመንደሬ ልጆች ማመን አለብኝ።

ግብፅና ሱዳን ጥርሱን ወደ ፀሐይ የሚወረውሩ ልጆች አሉ፣ የፀሐይን የመሰለ ጥርስ እንድትሰጣቸው። ጃፓንና ኮሪያ ደግሞ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ጣራ ላይ፣ የላይኛው ከሆነ ወለል ሥር ነው ደንቡ። አዲሱ ጥርስ አሮጌው ወዳለበት አቅጣጫ ተስቦ ቀጥ ብሎ ይበቅላል ብለው ነው። ያንቺዋ የታች ናት፤ ጃፓንም ብትወለጂ ጣራ አይቀርልሽም ነበር።

እሜቴ፣ ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ማናቸው ናቸው ልክ ላልሽኝ ነው። ሰው በደረሰበት አገር ሁሉ አንድ ልጅ አፉን ይዞ ቆሞ «ይቺ ምን ትሁን?» ብሏል። መልሱ አገር ለአገር ይለያያል፤ ጥያቄው አንድ ነው። እናንተ ጠያቂዎቹ ናችሁ፤ እኛ ትልልቆቹ ስትጨነቁ አይተን ቁራም አይጥም ፈልገን እናመጣለን። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ዣን ፒያጄ የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ልጆችን እየተቀመጠ የሚያስቡትን ይጠይቃቸው ነበር። ጨረቃ ስትሄዱ ትሄዳለች ወይ ሲላቸው አዎን፣ እኛን ትከተለናለች አሉት። ነፋስና ፀሐይ መሄዳቸውን ያውቁ እንደሆን ሲጠይቃቸው ያውቃሉ አሉት። አልሳቀባቸውም፤ ጻፈው፣ መጽሐፍም ሆነ። የማይታወቅ ነገር ሲገጥማችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንደማትቀመጡ፣ ባላችሁ ነገር አንዳች ማብራሪያ ሠርታችሁ እንደምትሞክሩት ያየ ሰው ነው። አዲሱ ጥርስ እግሯን በላው ማለትሽ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ማንም አልነገረሽም፤ ጎድጓዳውን አየሽ፣ ከሥር ብቅ ያለውን ነጭ ነገር በጣትሽ ዳሰስሽ፣ ሁለቱን አገናኘሽ። እውነቱን ስትማሪ የቀድሞው ሐሳብሽ አያሳፍርሽ። ወደ እውነቱ የወሰደሽ እሱ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄሽ፤ የኔ ናት ወይስ የራሷ? ይህን ብዙ አሰብኩበት። ጸጉርሽን እናትሽ ስትቆርጥልሽ፣ ጥፍርሽን ስትከረክምልሽ እንዲህ አላልሽም። ጥርስ ሲሆን አልሽ። ገባኝም፤ ጠንካራ ነገር ነው፣ እኔ ነኝ ብለሽ የምትተማመኚበት፣ ድንገት መዳፍሽ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሽው።

ያንቺው ናት ልጄ፤ ስምሽ ባይጻፍባትም ታሪክሽ ተጽፎባታል። የወተት ጥርስ መሠራት የሚጀምረው ልጅ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ኢናሜል የሚባለው ነጩ ሽፋን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲደረብ መስመር ይተዋል፤ ግንድ ሲቆረጥ እንደምታዪው ቀለበት፣ እዚህ ግን ልዩነቱ የአንድ ቀን ነው። በማጉያ መሣሪያ ይቆጠራል። ከመስመሮቹ መካከል ጠቆር ብላ የምትለይ አንዲት አለች፤ የተወለድሽበት ዕለት መስመር ናት። መወለድ ለሰውነት ከባድ ነገር ስለሆነ ጥርሱም ይደነግጥና ምልክት ያደርጋል። እናትሽ አንቺን ስትወልድ እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ሌሊቱን ስልክ ስጠብቅ አነጋሁ። ያ ሌሊት ሲኒሽ ውስጥ ባለችው ነገር ላይ ተመዝግቧል።

እዚህ አገር ስትመጪ ብሔራዊ ሙዚየም እወስድሻለሁ፣ ስለ አንዲት ልጅ እነግርሻለሁ። ስሟ ሰላም ነው። ስሙን ያወጡላት አጥንቷን ያገኙት ናቸው። በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን አፋር ውስጥ፣ ዲኪካ በሚባል ቦታ አገኛት። የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ሉሲ ከምትባለው ከድንቅነሽም ትቀድማለች። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው፣ ምናልባትም ከዚያ ያንሳል። ከድንጋይ ጋር ተጣብቃ ስለነበር ዘረሰናይ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እየለቀመ ለዓመታት ሲያወጣት፣ የተጠቀመበት ምን እንደሆነ ገምቺ። የጥርስ ሐኪም መሣሪያ! ዓለም የሰማው በ2006 ነው። ድንጋዩን ሳይሰብሩ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ መንጋጋዋን ሲያዩት፣ ከወተት ጥርሶቿ ሥር ቋሚዎቹ ጥርሶች ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዕድሜዋን ያወቁትም ከእነሱ እድገት ነው። አልወለቁላትም፤ አልደረሰችም። ምን አስባ ይሆን፣ የወለቀ የእናቷን ጥርስ አይታ ታውቅ ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ አንቺ ከእኔ የተሻለ መገመት ትችያለሽ፤ ዕድሜሽ ለእሷ ይቀርባል።

ሌላም ታሪክ አለ፣ እዚያው አንቺ ባለሽበት አገር የሆነ። ከብዙ ዓመት በፊት ኃያላኑ መንግሥታት የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ እያፈነዱ ይሞክሩ ነበር። ከፍንዳታው የሚወጣ ስትሮንቲየም 90 የሚባል መርዝ በነፋስ ተጉዞ ሣር ላይ ይወርዳል፤ ሣሩን ላም ትበላለች፤ ወተቷን ልጅ ይጠጣል። ሰውነት ስትሮንቲየምን ከካልሲየም ስለማይለየው አጥንትና ጥርስ ላይ ይገነባዋል። ሴንት ሉዊስ በምትባል ከተማ ሉዊዝ ራይስ የምትባል ሐኪም፣ ከሳይንቲስቶችና ከከተማው እናቶች ጋር ሆና፣ በ1958 መጨረሻ ላይ ለልጆች አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ የወለቀ ጥርሳችሁን ላኩልን። ላኩላት። እስከ 1970 ድረስ ወደ 320,000 የሚጠጋ ጥርስ ተሰበሰበ። ለላከ ልጅ ሁሉ ጥርሴን ለሳይንስ ሰጥቻለሁ የሚል ደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይሰጠው ነበር። ጥርሴን ለሳይንስ እልካለሁና እንዳትወስጂብኝ፣ ሳንቲሙን ግን ተዪልኝ ብሎ ለፌሪዋ የጻፈ ልጅም አልጠፋም። ብልህ ነው!

ጥርሶቹ ሲመረመሩ፣ የቦምብ ሙከራው በበዛባቸው ዓመታት የተወለዱት ልጆች ጥርስ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም ቀድመው ከተወለዱት እጅግ በልጦ ተገኘ። በ1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና እንግሊዝ በአየር ላይ ማፈንዳቱን ለማቆም ተፈራረሙ። ጥርሶቹ ብቻቸውን አስቆሙት አልልሽም፤ ብዙ ሰው ብዙ ታግሏል። ከምስክሮቹ መካከል ግን እነዚያ ወላቆች ነበሩበት። ባለሥልጣን ሲመጣ እንኳ ተደብቀው ለሚያዩ ልጆች በአፋቸው ውስጥ የነበረው ነገር መሰከረላቸው። ስለዚህ የኔ ናት ወይስ የራሷ ስትይኝ፣ ያንቺ ናት፣ ለሰውም ልትተርፍ ትችላለች እልሻለሁ።

ይህቺን አንቀጽ እናትሽ ለራሷ ታንብባት። ልጄ፣ የጥርስ ተረት ሁሉ እንደ ቁራው የዋህ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ግግ ነው፣ የወተት ጥርስ ነው እየተባለ ገና ያልበቀለ ጥርስ ከድዱ በስለት ይወጣ ነበር፤ ዛሬም ያልተወበት ቦታ አለ። ሲደማ፣ ሲመረቅዝ፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ ሲበላሽ በዓይናችን አይተናል። ልጆችሽን ተረት አትከልክያቸው፤ ልጁን የሚያደማውን ግን ከእኔም አፍ ቢወጣ፣ ከእናትሽም አፍ ቢወጣ አትቀበይ። ጎረቤትሽ ያሉት የኛ ሰዎችም አራስ ሲኖራቸው ይህን ንገሪያቸው።

ተመለስኩልሽ እሜቴ። ሁለተኛዋ ጥርስሽ መነቃነቅ ጀምራለች ብለሻል። ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ በክር ከበር እጀታ አስሮ ይስባታል ማለቱን ደግሞ አልወደድኩለትም። ተያት። በምላስሽ ብቻ አጫውቻት፤ ከሥር ያሉት ሠራተኞች ሲጨርሱ ራሷ ትመጣለች።

ትንሹ ወንድምሽ ነገ ያንቺን ጥያቄ ይጠይቅሻል። ያኔ ትልቅ ነኝ ብለሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትዘርግፊበት። ውሸትም አትንገሪው። መጀመሪያ አንተ ምን ይመስልሃል በይውና አዳምጪው። የሚለውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔ ዘንድ ያንቺንም የእናትሽንም የያዘ ደብተር አለ። እናትሽ በስድስት ዓመቷ የወለቀ ጥርስ ሌሊት ሌሊት ከሌሎች የወለቁ ጥርሶች ጋር ተሰብስቦ አዲስ አፍ ይሠራል ብላ ለሁለት ሳምንት ጣራውን ፈርታ ነበር። ይህን እንደነገርኩሽ አትንገሪያት። እያነበበች ነው ለካ።

የተቀመጠችው ጥርስ ምን ትሁን የሚለው የቀረ ነገር ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ጣራ ከየት ይመጣል? ከበረንዳ ወደ ታች መወርወር ደግሞ የየትም አገር ደንብ አይደለም፤ የሰው መኪና ላይ ታርፋለች። ሦስት ነገር አለሽ፣ ምርጫው ያንቺ ነው። ትራስሽ ሥር አድርጊያትና ዶላርሽን ተቀበይ፤ አልቆጣም። ወይም ከቁልፏ ጋር ሲኒዋ ውስጥ ትኑር። ወይም ደግሞ ለጥምቀት ወደዚህ የሚመጣ ሰው መኖሩን እናትሽ ነግራኛለች፤ በወረቀት ጠቅልለሽ የታች የፊት ብለሽ ጽፈሽባት ላኪያት። የኛ ቤት አሁን ቆርቆሮ ነው፤ ኳ ሲል በስልክ አሰማሻለሁ። ለቁራ ይሁን ለአይጥ ግን አስቀድመሽ ወስኚ፣ ምን ብዬ እንደምወረውርም አንቺው ቃሉን አውጪልኝ፤ እኔ የድሮውን ረስቼዋለሁ፣ አያትሽ ደግሞ የራሷን አገር ነው የምትለው። ዶሮዎቹን እኔ አባርራለሁ።

ለእናትሽ፣ ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እግዚአብሔር ያሳድግሽ።

አያትሽ

ተጨማሪ፦ ወንድምሽ ከወጥ ቤት ነጭ ቦሎቄ አንሥቶ ጥርሴ ወለቀ ብሎ ትራሱ ሥር ማስቀመጡን፣ ጠዋት ዶላር ስላላገኘ ማልቀሱንም አባትሽ እየሳቀ ነገረኝ። አራት ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ ገና ነው፣ ግን ነገሩን ከማንም ሳይጠይቅ በራሱ ሞክሮ ማየት ፈልጓል። ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ዶላሩን ይክፈለው፣ ከእኔ ሒሳብ ያስበው። ቦሎቄውን ግን ይመልስ፣ እናትሽ ልትቀቅለው ትችላለች።